የድረ ገጽ ሾርትከት፦ ስለ እሱ የሚባለውና እውነታው

ባሕር ዳር ኢንተርኔት ቤት ገብቶ የመማሪያ ገጾችን አንድ በአንድ ወደ ፍላሽ የጎተተ መምህር ሞጣ ደርሶ ሲከፍታቸው «ኢንተርኔት የለም» የሚል ባዶ ገጽ ይመጣበታል። መጀመሪያ ፍላሹ ይታማል፣ ቀጥሎ ቫይረስ ይጠረጠራል። ሁለቱም የሉበትም፤ የጎተተው ገጹን ሳይሆን ወደ ገጹ የሚመራውን ሾርትከት ነው።

«ሾርትከቱን ከገለበጥኩ ገጹን ይዤዋለሁ»

ፍኖተ ሰላም ያለ ዘመድን አድራሻ ኪስ ውስጥ መክተት ዘመድን ይዞ መምጣት አይደለም። ዊንዶውስ ላይ ከብሮውዘሩ የአድራሻ መስመር ጎትተው ዴስክቶፕ ላይ የጣሉት ነገር፣ ኤክስቴንሽኑ (የፋይሉ ስም መጨረሻ) ነጥብ ዩአርኤል የሆነ ተራ የጽሑፍ ፋይል ነው። በኖትፓድ ቢከፍቱት ዋናው ነገር ሁለት መስመር ነው፦ በማዕዘን ቅንፍ ([ ]) የተዘጋ «ኢንተርኔት ሾርትከት» የሚል ርዕስ፣ ከሥሩ ደግሞ «ዩአርኤል» ተብሎ ከእኩል ምልክት (=) በኋላ አድራሻው። ብዙውን ጊዜ ጥቂት መቶ ባይት ነው። አንድ ሙሉ መጽሐፍ 1 ኪሎባይት ሆኖ ከታየ የተገለበጠው መጽሐፉ አይደለም። ከጉግል ድራይቭ ፎልደር የሚገለበጥ የጉግል ዶክስ ፋይልም እንዲሁ ነው፤ ጽሑፉ ውስጡ የለም።

ገጹ ራሱ ከተፈለገ ኮንትሮልና ኤስን ይጫኑ። ሙሉ ገጽ የሚለውን ከመረጡ አንድ ፋይልና በዚያው ስም አንድ ፎልደር ይወጣል። ፎልደሩ ከተረሳ ጽሑፉ ይከፈታል፣ ሥዕሎቹ ግን ይጠፋሉ። ክሮምና ኤጅ ሁሉንም በአንድ ፋይል የማስቀመጥ ምርጫም አላቸው፤ ችግሩ ፋየርፎክስ ያንን ዓይነት ፋይል አይከፍትም። የት እንደሚከፈት ካልታወቀ ኮንትሮልና ፒ ተጭኖ በፒዲኤፍ ማስቀመጥ ይሻላል።

«ከማክ የመጣው ሊንክ ተበላሽቷል»

አልተበላሸም፤ ዊንዶውስ አያውቀውም እንጂ። ማክ (የአፕል ኮምፒውተር) የሚሠራው ዌብሎክ የሚባል ፋይል ነው። በተቃራኒው ማክ የዊንዶውሱን ዩአርኤል ፋይል ያለ ችግር ይከፍታል። ስለዚህ ደብረ ማርቆስ ባለ አንድ ቢሮ ውስጥ ሁለቱም ዓይነት ኮምፒውተር ካለ የዊንዶውሱን ዓይነት መለዋወጥ ይቀላል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ኤክስቴንሽኑን ብቻ ቀይሮ ዌብሎክን ዩአርኤል ሲያደርገው ነው። ስም ቢቀየር የውስጡ አጻጻፍ ያው ነው፤ አይከፈትም። መፍትሔው ፋይሉን በኖትፓድ ከፍቶ አድራሻውን መፈለግ፣ ከዚያ ገልብጦ ብሮውዘር ላይ መለጠፍ ነው። አንድ ወጥመድ አለ፦ አድራሻው ውስጥ የ& ምልክት ካለ ዌብሎኩ ከኋላው «ኤ፣ ኤም፣ ፒ» የሚሉ ሦስት የእንግሊዝኛ ፊደላትና ; ይጨምርበታል። ሲገለብጡ እነዚያን አጥፍተው &ን ብቻ ካላስቀሩ ገጹ ወይ አይከፈትም ወይ የተሳሳተ ነገር ያመጣል። ፋይሉ ተዘበራርቆ ከታየም አድራሻው ብዙ ጊዜ በመሃሉ ይነበባል፤ ጫፉ ላይ የተጣበቀውን ትርኪ ምርኪ ብቻ ይቁረጡ።

ሊኑክስ የሚባለው ሌላው የኮምፒውተር ሥርዓትም የራሱ ዓይነት አለው፤ ኤክስቴንሽኑ ዴስክቶፕ ይባላል፣ ዊንዶውስም ማክም አይቀበሉትም። ኬዲኢ በሚባለው የሊኑክስ ገጽታ ላይ ይከፈታል። ኡቡንቱ በሚባለው የሊኑክስ ዓይነት ላይ ግን ገጹን መክፈት ትቶ ብዙ ጊዜ የፋይሉን ጽሑፍ ያሳያል።

በርካታ ሊንክ ለሦስቱም የሚላክ ከሆነ ክሮም ውስጥ ቡክማርክ አድርጎ፣ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኦ ተጭኖ፣ ከሦስቱ ነጥቦች ኤክስፖርት ማድረግ ነው። የሚወጣው አንድ ኤችቲኤምኤል ፋይል በየትኛውም ብሮውዘር ይከፈታል።

«ሊንኩ በፐርሰንት ምልክት ከተሞላ ተበላሽቷል»

የአማርኛ አድራሻ ሲገለበጥ እንዲህ ነው የሚሆነው። አንድ የግዕዝ ፊደል ዩቲኤፍ 8 በሚባለው የኮምፒውተር አጻጻፍ ሦስት ባይት ነው፤ እያንዳንዱ ባይት % እና ሁለት ምልክት ሆኖ ይጻፋል። «ጎጃም» የምትለው ባለ ሦስት ፊደል ቃል 27 ምልክት ትሆናለች። አስቀያሚ ነው፣ ግን ትክክል ነው። «ላሳጥረው» ብለው አንዷን ከቆረጡ ያኔ በእርግጥ ይበላሻል።

ስም ላይ ሌላ ችግር አለ። ዊንዶውስ በፋይል ስም ውስጥ / እና : አይቀበልም። «2017 ዓ/ም» ብሎ መሰየም አይቻልም፤ «ዓ.ም» ግን ይሆናል። የእኛዎቹ ፡ እና ፦ ከእንግሊዝኛው : የተለዩ ስለሆኑ ችግር የለባቸውም።

«ፍላሽ ላይ ሾርትከት ካየህ ቫይረስ ነው»

ግማሹ እውነት ነው። በየጽሕፈት ቤቱና በየኮፒ ቤቱ የሚዛመተው የሾርትከት ቫይረስ ፎልደሮችን ይደብቅና በስማቸው ኤልኤንኬ የሚባል ሾርትከት ይተካል። ይህ ዓይነቱ ፕሮግራም ማስነሳት ይችላል። ለመለየት ራይት ክሊክ አድርገው ፕሮፐርቲስን ይክፈቱ። «ዌብ ዶክዩመንት» የሚል ገጽና ከኤችቲቲፒ የሚጀምር አድራሻ ካለ የድረ ገጽ ሾርትከት ነው። «ታርጌት» በሚለው ቦታ ሲኤምዲ ወይም ደብልዩስክሪፕት (ትእዛዝ የሚያስፈጽሙ የዊንዶውስ ፕሮግራሞች) ካዩ አይንኩት፤ በአንቲቫይረስ ያጽዱ። ፎልደሮቹም አልጠፉም። ከፎልደር ኦፕሽንስ የተደበቁ ፋይሎችን እንዲያሳይ ያድርጉ፣ የሲስተም ፋይሎችን የሚደብቀውንም ምልክት ያንሱ፤ ብቅ ይላሉ። ፍላሹን ፎርማት ለማድረግ የሚቸኩል ሰው የሚያጠፋው የራሱን ሰነድ ነው።

የዩአርኤሉም ፋይል ቢሆን ፍጹም ንጹሕ ነው አይባልም። አጭበርባሪዎች በዚህ ፋይል የዊንዶውስን ማስጠንቀቂያ የሚያልፉበት ቀዳዳ ተገኝቶ ማይክሮሶፍት የደፈነው በፌብሩዋሪ 2024 እ.ኤ.አ. ነው። ዊንዶውሱ በየጊዜው አፕዴት የማይደረግ ኮምፒውተር ላይ ከማያውቁት ሰው የመጣ ሾርትከት ዳብል ክሊክ አይደረግም። አድራሻው «ኤችቲቲፒ» በሚለው ፈንታ «ፋይል» ብሎ ከጀመረ ደግሞ አፕዴት የተደረገም ላይ ቢሆን አይክፈቱት።

ከማክ የተመለሰ ፍላሽ ላይ በነጥብና በሰረዝ (._) የሚጀምሩ ትንንሽ ፋይሎች ቫይረስ አይደሉም፤ ማክ ለራሱ የሚያስቀምጣቸው ናቸው። ዊንዶውስ ላይ ቢሰርዟቸው ዋናው ፋይል አይነካም።