የእሳት አደጋ ቡድን መሪ ሥራ፦ ጅማ ላይ የምንሰማቸው የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ጅማ ውስጥ አንድ ሰፈር ቃጠሎ ሲነሳ ግማሹ ሰው ባልዲ ይዞ ይሯሯጣል፤ ግማሹ ደግሞ እሳት አደጋዎቹን ይተቻል። ትችቱ ብዙ ጊዜ የሚያርፈው ቡድኑን በሚመራው ሰው ላይ ነው። በአንዳንድ አገር ካፒቴን ይሉታል፤ እኛ ዘንድ የቡድን መሪ ወይም የፈረቃ ኃላፊ ነው። ስለ ሥራው ከምንናገረው ብዙው ልክ አይደለም። ነገሩ ሐሜት ብቻ ሆኖ ቢቀር ባልጻፍኩ ነበር። ግን ሳይገባን ሥራውን እናደናቅፋለን።

«ቤት እየነደደ እሱ ቆሞ ያያል»

ከሁሉም የሚያናድደኝ ይሄ ነው። ቆሞ ማየቱ ራሱ ሥራው ነው። መኪናው እንደደረሰ የመሪው የመጀመሪያ ግዴታ፣ ከተቻለ ቤቱን ዞሮ ማየት ነው። ጭሱ ምን ይመስላል? ወፍራም፣ ጥቁርና እየተገፋ የሚወጣ ከሆነ ውስጡ በጣም ግሏል፤ ክፍሉ ባንዴ ሊንቦገቦግ ይችላል። ጣሪያው ጎብጧል? የመብራት ሽቦው የት ነው? ነፋሱ ወዴት ይነፍሳል? ውስጥ ሰው ቀርቷል? ይህን ሁሉ በአጭር ጊዜ አይቶ መወሰን አለበት። ቅደም ተከተሉ የታወቀ ነው፦ መጀመሪያ ሰው፣ ቀጥሎ እሳቱ እንዳይዛመት ማድረግ፣ ከዚያ ንብረት።

ሂርማታ መርካቶ ውስጥ በቆርቆሮ ተያይዘው የተሠሩ ሱቆችን አስቡ። አንዱ ሱቅ ሙሉ በሙሉ ተያይዟል፤ ውስጡ ግን ሰው የለም። መሪው የመጀመሪያውን ሆዝ ወደ ጎረቤቱ ሱቅ፣ ገና ወዳልተያዘው፣ ሊያዞር ይችላል። ባለንብረቱ ያብዳል። «የኔ እየነደደ የሰው ግድግዳ ያጥባሉ!» ይላል። ሐዘኑ ይገባኛል። ግን የሚነደው ሱቅ ከእጅ ወጥቷል። እሳቱ በጣሪያውና በኮርኒሱ መካከል ባለው ክፍተት ተሻግሮ ቀጣዩን ከያዘ፣ ረድፉን ሙሉ ይበላዋል። ይህን ማየት የሚችለው ራቅ ብሎ የቆመ ሰው ነው። ሆዝ የያዘው ሰው ከፊቱ ያለውን ብቻ ነው የሚያየው።

በዚያ ላይ ወደ ውስጥ የገቡትን የቡድኑን ልጆች ይቆጥራል። ማን ገባ፣ ከማን ጋር ገባ፣ ስንት ደቂቃ ሆነው? ጣሪያው መጎበጥ ሲጀምር «ውጡ!» የሚለውም እሱ ነው፤ ሕዝቡ «ምነው ሸሹ?» እያለ ቢጮህም እንኳ። እንደኔ ከሆነ ከሥራው ሁሉ ከባዱ ይሄ ትእዛዝ ነው።

«ባዶ መኪና ይዘው ነው የመጡት»

ውሃው አልቆ እንጂ ባዶ መጥተው ላይሆን ይችላል። ሒሳቡን እንሥራው። 45 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ሆዝ በደቂቃ 400 ሊትር ገደማ ሊረጭ ይችላል። መኪናው 5,000 ሊትር ይዟል እንበል። ሁለት ሆዝ ከተከፈተ 6 ደቂቃ ብቻ ነው የሚቆየው። ስለዚህ መሪው ገና የመጀመሪያው ሆዝ ሲዘረጋ ስለሚቀጥለው ውሃ ማሰብ አለበት፦ ሃይድራንት (ለእሳት ማጥፊያ የተዘጋጀ የመንገድ ዳር የውሃ ቧንቧ) አለ? ቦቴ ከየት ይመጣል?

«አዌቱ ወንዝ እዚሁ አጠገባችን እያለ!» የሚልም አይጠፋም። ፓምፕ ውሃን ወደ ላይ የሚስበው በአየር ግፊት እርዳታ ነው። ባሕር ጠለል ላይ እንኳ በንድፈ ሐሳብ ከ10 ሜትር ብዙም አያልፍም። ጅማ ከባሕር ጠለል ከ1,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስላለች፣ እዚህ ቁጥሩ ወደ 8 ሜትር ገደማ ይወርዳል። በተግባር ደግሞ ከዚያም ያንሳል። ወንዙ ቅርብ ቢሆንም መኪናው ዳሩ ድረስ መጠጋት ካልቻለ ወይም ተንቀሳቃሽ ፓምፕ ከሌለ ዋጋ የለውም። ይህን አስቀድሞ ማወቅና መውረጃውን መለየት የመሪው ድርሻ ነው።

«ጉልበትና ድፍረት ካለው ይበቃል»

ጉልበት ያስፈልጋል፤ አይበቃም። አሜሪካን ብንወስድ የአገሪቱ የእሳት መከላከያ ማኅበር (ኤንኤፍፒኤ) ለእሳት አደጋ መኮንኖች ኤንኤፍፒኤ 1021 የሚባል መስፈርት አውጥቶ ነበር። አራት ደረጃ ነበረው። የመጀመሪያውን ደረጃ ለማግኘት እንኳ ሰውየው በቅድሚያ የተመሰከረለት የእሳት አደጋ ሠራተኛ መሆን ነበረበት። ካፒቴን ለመሆን ደግሞ ከተሞቹ አብዛኛውን ጊዜ የዓመታት አገልግሎትና ፈተና ይጠይቃሉ።

የሚማረውም ሰፊ ነው። የሚነድ ዘይት ላይ ውሃ ለምን እንደማይደፋ ማወቅ አለበት፤ 1 ሊትር ውሃ ሲተን 1,700 ሊትር ያህል እንፋሎት ስለሚሆን ዘይቱን ይዞት ይፈነዳል። ቡታጋዝ ከአየር ስለሚከብድ ወለል ላይ እንደሚተኛም ማወቅ አለበት። የሕንፃ አሠራር፣ ኤሌክትሪክ፣ የመጀመሪያ ሕክምና እርዳታ፣ ሪፖርት መጻፍ፣ ሠራተኛ ማሠልጠን ሁሉ እሱ ላይ ነው። ንዴቱን መቆጣጠር የማይችል ሰው ይህን ሁሉ ቢያውቅም መሪ አይሆንም።

«ኦክስጅን ተሸክመዋል፣ ምን ይሆናሉ?»

ጀርባቸው ላይ ያለው ታምቆ የተሞላ ተራ አየር ነው፤ ንጹሕ ኦክስጅን አይደለም። በከባድ ሥራ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ቢቆይ ነው። ሰዓት የሚይዝላቸው መሪው ነው።

«ጭሱ እንዲወጣ በሩንም መስኮቱንም ክፈቱት!»

ይሄ ሰው ይገድላል። ተዘግቶ የቆየ ክፍል ውስጥ እሳቱ አየር አጥቶ ሊደክም ይችላል። ጎረቤት በሩን በርግዶ ወይም ቆርቆሮውን ገንጥሎ ሲከፍት እሳቱ የሚፈልገውን አየር ይሰጠዋል። ኮርኒሱ ጨርቅ ወይም ማዳበሪያ የሆነ ቤት ሲሆን ደግሞ የሚቀጣጠለው በሴኮንዶች ነው። እሳት አደጋዎችም በር ይሰብራሉ፣ ጣሪያ ይከፍታሉ። ልዩነቱ እነሱ የሚከፍቱት ውሃው ተዘጋጅቶ፣ መሪው «አሁን» ሲል መሆኑ ነው። እናንተ ከሚነድ ቤት ስትወጡ፣ ውስጥ ሰው ካልቀረ በሩን ከኋላችሁ ዝጉት።

«ጅማ ዝናብ አገር ናት፣ እሳት አያሰጋትም»

ዝናቡ ከቆርቆሮው ላይ ነው የሚወርደው፤ እሳቱ ከቆርቆሮው ሥር ነው። በክረምት ከሰል ቤት ውስጥ ይገባል፤ የረጠበ ሽቦ ኮንታክት ይፈጥራል።

«እሳት ከሌለ ተኝተው ይውላሉ»

መሪው ጥሩ ከሆነ አይተኙም። ሆዝ ይፈተሻል፣ ፓምፕ ይነሳል፣ ልምምድ አለ። ከሁሉ በላይ ግን ከተማውን ማጥናት አለ። የቡና መጋዘኖቹ በየት በኩል ይከፈታሉ? በርጩማና አልጋ የሚሠሩት እንጨት ቤቶች የመጋዝ ብናኙን የት ያከማቻሉ? ደቃቅ የእንጨት ብናኝ አየር ላይ ተበትኖ እሳት ካገኘው ሊፈነዳ ይችላል። ጅሬን ያለው የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት እንጨት የበዛበት ቅርስ ነው፤ ዳገቱን ወጥቶ ውሃ ከየት እንደሚገኝ በደህና ቀን ነው መታየት ያለበት።

መንገድም እንዲሁ። አዲስ አበባ መርካቶ ሸማ ተራ ላይ ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. የተነሳው ቃጠሎ በቶሎ ላለመጥፋቱ ከተጠቀሱት ምክንያቶች አንዱ የመንገዱ መጥበብና መጨናነቅ ነበር። እኛም ጋ ባጃጅ የተደረደረበት፣ ዕቃ አስፋልት ድረስ የወጣበት ቦታ ሞልቷል።

«ጠፋ፣ አበቃ»

የጭቃ ቤት ግድግዳ ውስጥ ማገሩ ጭቃው ሳይነካ ሲጤስ ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ መሪው ግድግዳ ያስፈለፍላል፣ ኮርኒስ ያስወርዳል። ሰው «ምነው የተረፈውን ባያፈርሱት» ይላል፤ ካላፈረሱት ግን ሌሊት እንደገና ሊነሳ ይችላል። መነሻውን መመርመርና መዘገብም አለ። ልጆቹ ጥቀርሻቸውን እንዲታጠቡ፣ የቆሸሸውን ልብስ ይዘው ቤት እንዳይገቡ ማድረግም የሱ ኃላፊነት ነው። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2022 የእሳት አደጋ ሠራተኝነትን ለካንሰር ከሚያጋልጡ ነገሮች የመጀመሪያው ምድብ ውስጥ አስገብቶታል።

«ደወልኩ፣ ከዚህ በኋላ የነሱ ነው»

መሪው ማሰብ የሚጀምረው ከስልኩ ነው። «ኮቺ እሳት ተነስቷል» ብሎ መዝጋት አይረዳውም። የሚታወቅ ምልክት ንገሩት፦ መስጊድ፣ ቤተ ክርስቲያን፣ ትምህርት ቤት። የሚነደው ምን እንደሆነ፣ ውስጥ ሰው ወይም የቡታጋዝ ሲሊንደር መኖሩን ተናገሩ። አንድ ሰው መገንጠያው ላይ ቆሞ መኪናውን ይቀበል፤ ሌላው ባጃጆቹን ያስነሳ። ሲደርሱ ደግሞ ቤቱን የሚያውቅ አንድ ሰው መሪው ጋ ቀርቦ «ሰው እዚያ ክፍል ነው፣ ቆጣሪው በዚህ በኩል ነው» ይበለው። አሥር ሰው ባንዴ አይጩህበት።