ፕላዝማን በኮምፒውተር ማጥናት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

እንጦጦ ተራራ ላይ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 3200 ሜትር ገደማ፣ የመስታወታቸው ስፋት 1 ሜትር የሆነ ሁለት ቴሌስኮፖች አሉ። ስለ እነሱ የሰማ ሰው ብዙ ነው። የሰማዩን ፕላዝማ፣ ማለትም ኤሌክትሮኖች ከአቶሞቻቸው የተነጠሉበትን ጋዝ፣ በኮምፒውተር ስሌት የሚመረምር የፊዚክስ ዘርፍ መኖሩ ግን እምብዛም አይነገርም፤ ሲነገርም ከተሳሳተ ግምት ጋር ነው። በአዲስ አበባ ዳርቻ ካሉ ተማሪዎች ደጋግሜ የምሰማቸው የሚከተሉት ናቸው።

«ፕላዝማ ያለው ፀሐይ ላይ ነው፤ እኛን አይመለከተንም»

ይመለከተናል፤ እንዲያውም ከብዙ አገሮች ይልቅ እኛን። ሱሉልታ ሜዳ ላይ ከቆመ ሰው አናት በላይ፣ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ሽቅብ ሲኬድ፣ የፀሐይ ጨረር ከአየሩ ቅንጣቶች ኤሌክትሮን እየነጠቀ የሚፈጥረው የፕላዝማ ንብርብር አለ፤ አዮኖስፌር ይባላል። አዲስ አበባና ዙሪያዋ ለማግኔታዊው የምድር ወገብ (የምድር መግነጢሳዊ መስክ አግድም ለሚሆንበት መስመር) ቅርብ ስለሆኑ፣ ቀን ቀን ወደ ምሥራቅ የሚፈስ ብርቱ የኤሌክትሪክ ጅረት በላያችን ያልፋል። ፀሐይ ስትጠልቅ የታችኛው ክፍል ኤሌክትሮኖች ፈጥነው ከአዮኖች (ኤሌክትሮን ከተነጠቁት ቅንጣቶች) ጋር ይዋሐዳሉ፤ ጥቅጥቅ ያለው ፕላዝማ ከላይ፣ የሳሳው ከታች ይቀራል። ከባዱ በቀላሉ ላይ ተረጋግቶ መቀመጥ ስለማይችል፣ የሳሳው ፕላዝማ አረፋ ሆኖ በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ወደ ላይ ይወጣል። በአረፋው ውስጥ የሚያልፍ የጂፒኤስ ምልክት ይዋዥቃል፤ አንዳንዴም ይቋረጣል። የፊዚክስ ሊቃውንቱ ሬይሊ እ.ኤ.አ. በ1883፣ ቴይለር ደግሞ በ1950 ለተራ ፈሳሾች ያጠኑት አለመረጋጋት ነው አንዳንድ ምሽት በላያችን የሚፈጸመው።

«ስሌቱ ካልተረጋጋ ፕሮግራሙ ተበላሽቷል»

ሁልጊዜ አይደለም። ተፈጥሮ ራሷ የማትረጋጋበት ጊዜ አለ፤ የምንፈልገውም እሱን ነው። ከዚህ የሚለየው የስሌቱ የራሱ አለመረጋጋት ነው። ፕሮግራሙ ቦታውን በትናንሽ ሕዋሶች፣ ጊዜውን በአጫጭር እርምጃዎች ከፋፍሎ ቀጣዩን እርምጃ በቀጥታ ካለፈው ያሰላል እንበል። የሒሳብ ሊቃውንቱ ኩራንት፣ ፍሪድሪክስና ሌዊ በ1928 እንዳሳዩት፣ በእንዲህ ዓይነቱ ስሌት የጊዜው እርምጃ ማዕበሉ አንዱን የስሌት ሕዋስ ከሚያቋርጥበት ጊዜ ከረዘመ ውጤቱ ይፈነዳል፤ ቁጥሮቹ ያለ ልክ ይገዝፋሉ። ሁለቱን ለመለየት ቁጥሮቹን ቀረብ ብሎ ማየት ይጠቅማል። ከሕዋስ ወደ ሕዋስ አንዴ ከፍ አንዴ ዝቅ እያለ እንደ መጋዝ ጥርስ የሚታይ ውጤት አብዛኛውን ጊዜ የስሌቱ ችግር ነው። እውነተኛው አለመረጋጋት ግን ሕዋሶቹ ሲደቁ የእድገቱ ፍጥነት በወረቀት ከተሰላው ጋር እየተቀራረበ ይሄዳል። ይህን ሳያረጋግጡ የሚያምር ሥዕል ማሳየት ሳይንስ አይደለም ብዬ አምናለሁ።

«ፕሮሰሰር በጨመርን ቁጥር ፍጥነቱም በዚያው ልክ ይጨምራል»

የኮምፒውተር መሐንዲሱ አምዳል በ1967 ያቀረበው ስሌት ይህን ይገታዋል። ከሥራው 5 በመቶው ተራ በተራ ብቻ የሚሠራ ከሆነ 100 ፕሮሰሰሮች ፍጥነቱን ወደ 17 እጥፍ ገደማ ያደርሱታል፤ ሚሊዮን ቢሆኑም 20 እጥፍን አያልፉም። በዚያ ላይ ሕዋሶቹ ለፕሮሰሰሮቹ ስለሚከፋፈሉ እያንዳንዱ ፕሮሰሰር የድንበሩን ሕዋሶች ዋጋ ከጎረቤቱ እስኪቀበል ይጠብቃል።

«ያው ፕሮግራም ሁልጊዜ ያንኑ መልስ ይሰጣል»

ኮምፒውተር የሚይዘው አሃዝ ውስን ነው። በተለመደው የ64 ቢት አሠራር 10,000,000,000,000,000 ላይ 1 ደምረን ያንኑ ትልቅ ቁጥር ብንቀንስ መልሱ 0 ይሆናል፤ አስቀድመን ቀንሰን 1 ብንደምር ግን 1 ነው። ብዙ ፕሮሰሰሮች ድምራቸውን የሚያዋጡበት ቅደም ተከተል ከቀን ቀን ሊለያይ ይችላል፤ በማይረጋጋ ፍሰት ውስጥ ደግሞ ያች ኢምንት ልዩነት በፍጥነት ትገዝፋለች። ስለዚህ የምናወዳድረው እያንዳንዱን ሽክርክሪት ሳይሆን አማካዩን፣ የኃይሉን ድምርና የእድገቱን ፍጥነት ነው።

«ግዙፍ ኮምፒውተር የሌለው አገር አይሞክረው»

በጣም የሚያሳዝነኝ ይህኛው ነው። በእርግጥ በሦስት አቅጣጫ ለሚሠራ ስሌት ትልቅ ማሽን ያስፈልጋል፤ የሕዋሱን ጎን በግማሽ መቀነስ ሥራውን 16 እጥፍ ያደርገዋል፤ 8 እጥፉ ከሕዋሶቹ መብዛት፣ 2 እጥፉ ከጊዜው እርምጃ ማጠር ነው። በአንድ አቅጣጫ ብቻ ሁለት የኤሌክትሮን ጅረቶች ተቃራኒ ሆነው ሲተላለፉ የሚፈጠረውን አለመረጋጋት ግን ባለ 4 ፕሮሰሰር ላፕቶፕ በደቂቃዎች ያሰላዋል። በፕሮሰሰሮች መካከል መልእክት የሚያመላልሰው ኤምፒአይም በነፃ ይገኛል፤ በዚያው ላፕቶፕ ላይ የተጻፈው ፕሮግራም መሠረቱ ሳይለወጥ በሺህ ፕሮሰሰሮች ላይ መሥራት ይችላል።