«ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ»፤ ዛሬስ የማይከሰሰው ማነው?

«ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ።» ትርጉሙ አጭር ነው። ሰማይ ላይ በሬ ጠምዶ ማረስ እንደማይቻል ሁሉ ንጉሥንም ችሎት ማቆም አይቻልም። አርፈህ ተቀመጥ ነው ነገሩ።

የተረቱ መነሻ የገበሬና የችሎት ኑሮ ነው። የድሮ ሰው ሙግት ያውቅ ነበር። ድንበሩ ከተነካ ስንቁን ቋጥሮ እስከ ዙፋን ችሎት ይሄዳል። «በሕግ አምላክ!» ሲባል ጉልበተኛውም ይቆማል። ከሳሽና ተከሳሽ የነጠላቸው ጫፍ ተቋጥሮ፣ ተቆራኝተው አብረው ወደ ዳኛ ይጓዛሉ። ከንጉሥ ጋር ግን ማን ይቆራኛል? የይግባኙ ሁሉ መጨረሻ እሳቸው ናቸው። የ1923ቱ ሕገ መንግሥትም የንጉሠ ነገሥቱ ክብር የማይደፈር መሆኑን በጽሑፍ አሰፈረ። ተረቱ ሕግ ሆነ ማለት ነው።

ጎጃም ግን እንዳለ አልተቀበለውም። በ1960 አዲስ የእርሻ ገቢ ግብር ሲመጣ ገበሬው መሬቴ ሊለካ፣ ርስቴ ሊወሰድ ነው ብሎ አመፀ። ንጉሡን አልከሰሰም፤ አልከፍልም አለ እንጂ። በመጨረሻ አገረ ገዥው ተነሱ፣ ውዝፉም ተማረ። መስከረም 2 ቀን 1967 ደግሞ ንጉሡ ራሳቸው ከዙፋን ወረዱ።

ሰማዩስ? ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 የኢትዮጵያ የመጀመሪያዋ ሳተላይት ከቻይና መጠቀች። ሥራዋ እርሻንና የአየር ንብረትን ከላይ ሆኖ ማየት ነበር። እዚሁ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲም የላይኛውን ከባቢ አየር የሚያጠና ቤተ ሙከራ አለ፤ ስሙ ዋሸራ ነው። ዋሸራ የጎጃም የቅኔ አገር ነው። ይህን ስም ያወጣውን ሰው እጁን ብስመው ደስ ይለኛል። ቅኔ ቤት የየኔታን ቅኔ ሸምድዶ መድገም ዋጋ የለውም፤ ተማሪው የራሱን፣ ትናንት ያልተባለውን ቆጥሮ መምጣት አለበት። አዲስ ሐሳብ ለእኛ እንግዳ አይደለም።

የሚያሳስበኝ ዛሬ ሌላ የማይከሰስ መምጣቱ ነው። «ሲስተም» ይባላል። በቀደም እዚሁ ከተማ አንድ ቢሮ ተሰልፌ ሳለሁ ከፊቴ የነበሩ ሽማግሌ የቤታቸውን ካርታ ከፌስታል አውጥተው በመስኮቱ አቀበሉ። ልጅቷ ኮምፒውተሩን አየችና «አባቴ፣ ሲስተሙ አልተቀበለውም» አለቻቸው።

«ለምን ልጄ?»

«እኔንጃ አባቴ፣ እንቢ አለ።»

«ታዲያ ለማን አቤት ልበል?»

መልስ አልነበራትም። ክፋት አይደለም፤ እሷም አታውቅም። እሳቸው ካርታቸውን መልሰው በፌስታሉ ጠቀለሉ። ከኮምፒውተር ጋር ማን ይቆራኛል?

ቴክኖሎጂን አልጠላም። ስንቱን ምልልስና ስንቱን እጅ መንሻ አስቀርቶልናል። ግን ሲስተም የሰው ሥራ ነው፤ ያዘዘው አለ፣ የሠራው አለ፣ ቁልፉን የያዘው አለ። ትምህርት ቤትም ያው ነው። ውጤቴ እንዴት ተደመረ፣ የትኛው ጥያቄ ነው የተሳሳትኩት ብሎ የጠየቀ ተማሪ መምህሩን አልደፈረም። መብቱን ነው የጠየቀው። ይህን ልጅ ዝም ስናሰኘው ተረቱን እያስተማርነው ነው።

ሕጉ ከተረቱ ቀድሞ ሄዷል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 25 ሰው ሁሉ በሕግ ፊት እኩል ነው ይላል። የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 ደግሞ የፌዴራል ተቋም ለውሳኔው ምክንያት እንዲሰጥ ያዛል፤ ቅር የተሰኘ ሰውም ፍርድ ቤት ውሳኔውን እንዲመረምርለት መጠየቅ ይችላል። ይህ ነገር እስከ ታችኛው መስኮት ይውረድልን። ምን ተከለከለ፣ በምን ምክንያት፣ ማን ወሰነ፣ አቤቱታው ወዴት ይቀርባል የሚል አንድ ገጽ ቅጽ ለባለጉዳይ ይሰጥ። ፕሮግራሙን የሚሠሩት ልጆቻችንም «አልተቀበለም» ከሚለው ሥር ምክንያቱን በግልጽ አማርኛ የሚናገር አንድ መስመር ይጨምሩበት።