ኤስቢሲ እና የድርጅት የኢንተርኔት ስልክ፣ ጎንደር ላይ ለሚገጥሙት

ሴሽን ቦርደር ኮንትሮለር፣ በአጭሩ ኤስቢሲ ሚባለው፣ በአንድ ድርጅት የውስጥ ስልክ ሲስተም ማለትም በፒቢኤክሱ እና በቴሌኮሙ ሲፕ ትራንክ፣ ማለትም ጥሪ በዳታ መልክ ሚገባበትና ሚወጣበት መስመር፣ መሀል ሚቀመጥ እቃ ወይም ሶፍትዌር ነው። ሚገባም ሚወጣም ጥሪ በሱ በኩል ያልፋል። ፒያሳ ያለ ሆቴል በሉት፣ ማራኪ ያለ ክሊኒክ በሉት፣ አዘዞ ቅርንጫፍ ያለው ነጋዴ በሉት፣ የድሮውን የመዳብ መስመር ትቶ በፋይበር ሲፕ ትራንክ ላስገባ ካለ መጀመሪያ ሊያየው ሚገባው ይሄን ነው፣ ብዙ ሰው ግን የሚጨነቀው ስለ ቀፎው ነው፣ ስክሪን አለው ወይ፣ ዋጋው ስንት ነው ምናምን፣ ኤስቢሲው ብር ከተረፈ ተብሎ መጨረሻ ላይ ይቀራል።

ለምን እንደሚያስፈልግ ለመረዳት አንድ ነገር መያዝ በቂ ነው። በኢንተርኔት ስልክ ጥሪው እና ድምፁ በአንድ መንገድ አይሄዱም። ደወለ፣ ተነሳ፣ ተዘጋ ሚለውን መልእክት ሚያመላልሰው ሲፕ ነው፣ አሁን የምንሰራበት ቅጂ በ2002 በአርኤፍሲ 3261 (የኢንተርኔት ደረጃ ሰነድ ነው) የወጣው፣ በተለምዶ ፖርት 5060 (ፖርት ማለት የኔትወርክ በር ቁጥር ነው) ላይ ሚሰራው። ድምፁ ደሞ አርቲፒ በሚባል ሌላ ፕሮቶኮል፣ በየጥሪው በሚለዋወጥ ፖርት ይሄዳል። ኤስቢሲ ላይ የሚያጋጥመው ጣጣ አብዛኛው ከዚሁ ነው ሚመነጨው፣ ጥሪው ደርሶ ድምፁ ይቀራል ወይ መልእክቱ ሄዶ መልሱ መንገድ ይስታል።

"ፋየርዎል አለን እኮ" ሚል መልስ በጣም የተለመደ ነው። ፋየርዎሉ የፓኬቱን አድራሻ ይቀይራል፣ ሲፕ ግን አድራሻውን መልእክቱ ውስጥም ይፅፈዋል። ቀረብ ብለን እንየው፦ ሪሴፕሽን ያለው ስልክ 192.168.1.20 ነው እንበል፣ ወደ ውጪ ሲደውል ኤስዲፒ በሚባለው የመልእክቱ ክፍል ውስጥ ድምፅ ወደ 192.168.1.20 ላኩልኝ ብሎ ይፅፋል፣ ይሄ አድራሻ ደሞ ከግቢው ውጪ ማንም ጋር አያደርስም፣ በየቤቱ በየካፌው ያለ አድራሻ ነው። ደንበኛው ያነሳል፣ የናንተን ድምፅ ይሰማል፣ እሱ ሚያወራው ግን የትም አይደርስም፣ ሄሎ ሄሎ ተብሎ ይዘጋል። ኤስቢሲው ጥሪውን በአንድ በኩል ራሱ ይቀበልና በሌላ በኩል አዲስ ጥሪ አድርጎ ይከፍተዋል፣ ኤስዲፒው ውስጥ ያለውን አድራሻ በራሱ ይተካል፣ ድምፁንም በራሱ በኩል ያሳልፋል። ስለዚ ቴሌኮሙ የውስጥ ኔትወርካችሁን አያየውም፣ ፒቢኤክሱም ኢንተርኔት ላይ አይጋለጥም። ብዙ ራውተር ላይ ሲፕ ኤኤልጂ ሚባል ይሄንኑ ስራ ለመስራት ሚሞክር ነገር በርቶ ነው ሚመጣው፣ ኤስቢሲ ካለ እሱን አጥፉት፣ ሁለቱ አንድ መልእክት ላይ እጃቸውን ሲያስገቡ ጥሪው ይበላሻል።

እቃው ራሱ ብዙ አይነት ነው። ሲስኮ ኪዩብ ሚለው አለ፣ ኦዲዮኮድስ አለ፣ ሪቦን አለ፣ ኦራክል በ2013 አክሚ ፓኬትን ገዝቶ የያዘው አለ። በነፃ ልስራ ያለ ሰው ካማይሊዮ እና አርቲፒኢንጂን ሚባሉ ነፃ ሶፍትዌሮችን አገናኝቶ ይሰራል፣ አንዱ መልእክቱን ሌላው ድምፁን ይይዛል። እኔ ካማይሊዮን በጣም አከብረዋለሁ፣ ግን አንድ የአይቲ ሰው ብቻ ላለው ቢሮ አልመክርም፣ ያ ሰው ስራ የቀየረ ቀን ኮንፊጉን ሚያነበው አይገኝም።

ኮንፊገሬሽኑ ሚጀምረው ከወረቀት ነው፣ ይሄን አጥብቄ ነው ምናገረው። ቴሌኮሙ ሚሰጣችሁን ሁሉ አንድ ገፅ ላይ ፃፉት፦ የሱ አይፒ አድራሻ፣ ሚለያችሁ በአይፒ ነው ወይስ በዩዘርኔም እና ፓስወርድ ሬጂስተር እያደረጋችሁ፣ የተሰጣችሁ የቁጥር ብሎክ፣ በአንድ ጊዜ ስንት ጥሪ እንደሚፈቅድ፣ የትኛውን ኮዴክ (ድምፁ ወደ ዳታ ሚቀየርበት ዘዴ) እንደሚቀበል፣ መልእክቱ ሚጓጓዘው በዩዲፒ ነው ወይ በቲሲፒ። ከታች የራሳችሁን፦ የፒቢኤክሱ አድራሻ፣ የኤክስተንሽኖቹ (የውስጥ ስልክ ቁጥሮቹ) ርዝመት፣ የቅርንጫፎቹ ቁጥር። ከዛ ኤስቢሲው ላይ ሁለት የተለያየ ኢንተርፌስ (የኔትወርክ መግቢያ) ይከፈታል፣ አንዱ ወደ ውስጥ አንዱ ወደ ውጪ፣ ሁለቱን በአንድ ኢንተርፌስ ላይ መደረብ ለሙከራ ካልሆነ አያዋጣም። ለድምፅ ሚከፈተው የፖርት ክልልም በአንድ ጊዜ ከሚፈቀደው የጥሪ ቁጥር ጋር መመጣጠን አለበት፣ አንድ ጥሪ በአንድ በኩል ለአርቲፒ እና ድምፁን ለሚከታተለው ለአርቲሲፒ ሁለት ፖርት ነው ሚይዘው፣ 30 ጥሪ ላለው ድርጅት 60 ሚበቃ ሆኖ ሳለ ከ10000 እስከ 20000 ያለውን ሁሉ መክፈት ትርፉ መጋለጥ ነው። ትንሽ መጠባበቂያ ጨምሩበትና በቃ።

ብዙ ጊዜ ሚወስደውና ብዙ ሚሳሳቱበት ግን የቁጥር አቀያየር ነው። የጎንደር የቋሚ ስልክ ኮድ 058 ነው፣ ሞባይሉ በ09 ወይም በ07 ይጀምራል፣ ሪሴፕሽኒስቷ እንደለመደችው በ0 ጀምራ ነው ምትደውለው፣ ቴሌኮሙ ደሞ 251 ይዞ ሊፈልገው ይችላል፣ ሲልክም በሌላ መልክ ሊልክ ይችላል። ጥሩው አሰራር ማንኛውም ቁጥር ኤስቢሲው ውስጥ ሲገባ ወደ አንድ መልክ ማምጣት ነው፣ 0ውን ጥሎ +251 መቀጠል፣ ሲወጣ ደሞ ተቀባዩ በሚፈልገው መልክ መስጠት። እዚህ ጋ አንድ ከባድ ወጥመድ አለ። "ምንም ይሁን 251 ጨምር" ብሎ ደንቡን የፃፈ ሰው አጫጭር ቁጥሮችን ይረሳል፣ አንድ ሰው ታሞ ወደ ቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ሲደወል ኤስቢሲው +251907 አድርጎ ይልከዋል፣ እንደዛ ሚባል ቁጥር የለም፣ ጥሪው 404፣ አልተገኘም ሚል መልስ፣ ይዞ ይመለሳል። ስለዚ 907፣ 991፣ 994 እና መሰሎቻቸው ከሁሉም ደንብ በላይ፣ ሳይነኩ እንዲያልፉ ተደርገው መፃፍ አለባቸው፣ ሲገጠምም ተደውሎ መረጋገጥ አለበት።

በ00 ሚጀምረውን የውጪ አገር ጥሪ ከመጀመሪያው ዝጉትና ለሚያስፈልገው ኤክስተንሽን ብቻ ክፈቱ። ፖርት 5060 ኢንተርኔት ላይ ክፍት ሆኖ ከታየ ክፍት ስልክ ሚያስሱ ሮቦቶች ለመምጣት ጊዜ አይፈጅባቸውም፣ በሎግ (እቃው በሚይዘው መዝገብ) ላይ ፍሬንድሊ ስካነር ሚል ስም ካያችሁ ሲፕቪሸስ ሚባለው የማሰሻ መሳሪያ ነው። 100፣ 101፣ 102 እያሉ ኤክስተንሽን ይሞክራሉ፣ ፓስወርዱ ከቁጥሩ ጋር አንድ የሆነ ስልክ ካገኙ ሌሊት ሰው በሌለበት ውድ ወደሆኑ የውጪ ቁጥሮች ይደውላሉ፣ ሂሳቡ ሚመጣው በድርጅቱ ስም ነው። ኤስቢሲው የውጪው በኩል ከቴሌኮሙ አይፒ ውጪ ከማንም እንዳይቀበል ይደረግ፣ ሌላውን ደሞ 403 (አይፈቀድም) እያለ ከሚመልስለት ዝም ብሎ ይጣለው፣ መልስ ያገኘ ስካነር እዚህ ቤት ሰው አለ ብሎ ነው ሚደጋግመው። በአንድ ጊዜ ሚፈቀደው የውጪ አገር ጥሪም ጣሪያ ይበጅለት።

ከዚሁ ጋር ሚነሳው ህጉ ነው። ድርጅት በተፈቀደለት ትራንክ የራሱን ጥሪ ማድረጉ አንድ ነገር ነው፣ ከውጪ አገር በኢንተርኔት የመጣን ጥሪ ወደ አገር ውስጥ ቁጥር አሳልፎ መሸጥ ግን በቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 761/2004 ሚያስጠይቅ ነው። ባለቤቱ ሳያውቅ እቃው ለዚ ስራ እንዳይውል ራውቲንጉ (የጥሪ አቅጣጫ ደንቡ) ላይ ከውጪ ገብቶ ተመልሶ ወደ ውጪ ሚወጣ መንገድ አይኑር፣ ከውጪ የገባ መድረሻው ፒቢኤክሱ ብቻ ይሁን።

ኮዴክ ላይ ጂ.711 በሰከንድ 64 ኪሎቢት ነው ይባላል፣ የፓኬቱ ራስጌ ሁሉ ተደምሮ በኢተርኔት ላይ ግን ወደ 87 ይደርሳል፣ 30 ጥሪ ሲሆን በእያንዳንዱ አቅጣጫ 2.6 ሜጋቢት ገደማ ይፈልጋል። ጂ.729 ወደ 31 ኪሎቢት ስለሆነ 30ው ከ1 ሜጋቢት በታች ይገባል፣ ግን ድምፁ ይቀንሳል፣ ፋክስም አያሳልፍም። መስመሩ ከበቃ ጂ.711ን ኤ ሎው በሚባለው አይነቱ ተጠቀሙ፣ ሁለቱ ወገን በኮዴክ ካልተስማሙ 488 ሚል መልስ ታያላችሁ። ለጥምቀት ከተማው ሲሞላ፣ ጥር 10 እና 11 የፋሲል መዋኛ ዙሪያው ሰው በሰው ሆኖ ሆቴሎቹ ክፍል አለ ወይ በሚል ጥሪ ሲጨናነቁ፣ የጥሪ ጣሪያ ያልተበጀለት ኤስቢሲ ሁሉንም ያስገባና የሁሉም ድምፅ ይቆራረጣል። መስመሩ 20 ጥሪ ከቻለ 20 ላይ ይቁም፣ 21ኛው ተይዟል ይባል፣ ቢያንስ 20ው እንግዳ በደንብ ተነጋግሮ ክፍሉን ይይዛል። ኢንተርኔቱ ከካሜራና ከዋይፋይ ጋር ሚጋራ ከሆነ ለድምፁ ዲኤስሲፒ 46 ሚባለውን የቅድሚያ ምልክት ስጡትና ስዊቹም ራውተሩም ያንን እንዲያከብሩ አድርጉ።

ቤቱ ሆኖ በሶፍትፎን (ኮምፒውተር ወይ ሞባይል ላይ በሚጫን ስልክ) ሚሰራ ሰራተኛ ካለ መልእክቱ በቲኤልኤስ ተመስጥሮ፣ ፖርት 5061፣ ድምፁም በተመሰጠረው በኤስአርቲፒ ይሁን፣ ሰርተፊኬቱ ሚያልቅበትን ቀን ካላንደር ላይ ፃፉት። መብራት ሲሄድ ደሞ ዩፒኤሱ (የባትሪ መጠባበቂያው) ላይ ፒቢኤክሱ ብቻ ተሰክቶ ኦኤንቲ፣ ፋይበሩ ሚያልቅበት እቃ፣ የግድግዳው ሶኬት ላይ ከተተወ ምንም አልተሰራም፣ ኦኤንቲ፣ ስዊች፣ ኤስቢሲ፣ ፒቢኤክስ አራቱም አንድ ላይ መቆየት አለባቸው።

ሙከራ ላይ ሰዓት ያዙ። ጥሪው በትክክል 32ኛው ሰከንድ ላይ ሚቆረጥ ከሆነ ያነሳው ወገን ኤሲኬ ሚባለውን ማረጋገጫ ጠብቆ አልደረሰውም ማለት ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ የሲፕ መልእክቱ ውስጥ ኮንታክት ሚለው መስመር ላይ የውስጥ አይፒ ቀርቶ ነው። 15 ወይም 30 ደቂቃ ላይ በተደጋጋሚ ከሆነ ደሞ ሴሽን ታይመሩን፣ ጥሪው አሁንም አለ ወይ ብሎ በየጊዜው ሚያረጋግጠውን፣ እዩት። ሎጉን ስትከፍቱ የሰዓቱን ልዩነት አትርሱ፣ ሪሴፕሽኒስቷ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ተቆረጠ ስትል በፈረንጅ አቆጣጠር 9፡00 ነው፣ ኤስቢሲው በዩቲሲ (በአለም አቀፉ መነሻ ሰዓት) ከተተወ ሎጉ ላይ ያለው 6፡00 ነው። እቃውን ሰዓቱን ከሚያስተካክልለት ኤንቲፒ ሰርቨር ጋር አገናኙት፣ የሰዓት ክልሉን የአዲስ አበባ አድርጉት፣ ከዛ 9፡00 አካባቢ ያለውን ጥሪ ፈልጋችሁ የኤስዲፒውን አድራሻ እና የኮንታክቱን መስመር ጎን ለጎን አንብቡ።