የተቀበረ የአረም ዘር መቼ ይነቃል?

«የዘር እንቅልፍ» ሲባል ብዙ ሰው ዘሩ የሞተ ይመስለዋል። አልሞተም። ብርሃን፣ አየርና የሚስማማው ሙቀት እስኪያገኝ ነው የሚቆየው፤ አንዳንዱ ለዓመታት።

ደቃቅ ዘር ያላቸው አረሞች በብዛት የሚበቅሉት ከላይኛው 1 ወይም 2 ሳንቲ ሜትር አፈር ነው። ብዙዎቹ ብርሃን ካልነካቸው አይነቁም። ከታች ቢነቁ እንኳ የያዙት ስንቅ እስኪወጡ አያደርሳቸውም። ሲናር ግን ዘሩ ትልቅ ስለሆነ ከ10 ሳንቲ ሜትር ጥልቀትም ሊወጣ ይችላል። የቆቦን ማሽላ የሚያስመርረው፣ በሌላ ተክል ሥር ላይ ተጣብቆ የሚኖረው አቀንጭራ ደግሞ ለብቻው ነው፤ አጠገቡ የሚስማማው ሥር ከሌለ አይነቃም።

ውሃስ? በደቡብ ወሎ፣ በጃማና በወረኢሉ ጥቁር አፈር ላይ ክረምት ውሃ ይተኛል። ውሃው የአፈሩን ቀዳዳ ሲሞላ አየር ይጠፋል። ዘር ደግሞ ለመብቀል መተንፈስ አለበት። አየር ሲያጣ ከፊሉ ይበሰብሳል። ከፊሉ ዝም ብሎ ይቆያል፤ ለመብቀል ተዘጋጅቶ የነበረውም ተመልሶ ሊተኛ ይችላል። እንደ እንግጫ ያሉ እርጥበት ወዳዶች ግን እዚያው ይፋፋሉ።

ስለዚህ ነሐሴ ላይ ማሳው ንጹሕ ቢመስል አትዘናጉ። መስከረም ላይ ውሃው ሲሸሽና አፈሩ ሲገለበጥ ተኝቶ የከረመው ይነሳል። መደብና ቦይ አውጥቶ ውሃ ማጠንፈፍ ለስንዴው ትልቅ እፎይታ ነው፤ በጣም እደግፈዋለሁ። ግን ያው አየር ለአረሙም ይደርሳል። ቦይ ያወጣ ገበሬ የመጀመሪያውን አረማ ቀደም አድርጎ ያስብ።