ሰማዩን ብቻ ዝጉልን? የበረራ እገዳና የሊቢያ ትምህርት

«ወታደር አይግባ፤ ሰማዩን ብቻ ይዝጉልን።» ጦርነት በተነሳ ቁጥር ይህ ይባላል፤ የበረራ እገዳ ይጣል፣ የጦር አውሮፕላን እንዳይበር በኃይል ይከልከል ማለት ነው። የሚለው ሰው የሚያዝነው ለሲቪሉ ነው፤ የሚጠይቀው ነገር ግን ራሱ ጦርነት መሆኑን አያውቅም። በ2011፣ በጋዳፊ ዘመን፣ እገዳው የተጣለባትን ሊቢያን እንይ (ዓመቶቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)።

ሰማይ በአዋጅ አይዘጋም። ከታች ሚሳኤል እየጠበቀው ጄት ቢቃኝ አደገኛ ነው፤ ስለዚህ እንደ ሊቢያው በመጀመሪያ የሚደበደበው ምድር ነው፦ ራዳር፣ የሚሳኤል ማስወንጨፊያ፣ የእዝ ማዕከል። ማርች 19 ቀን 2011 አሜሪካና ብሪታንያ ከ110 በላይ ቶማሃውክ ሚሳኤሎች ተኩሰዋል። አየር መከላከያ የሚተከለው ደግሞ ከተማና ወደብ ለመጠበቅ በመሆኑ ዒላማው ከመኖሪያ ሰፈር ብዙ አይርቅም።

ቅኝቱ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። ቀን ከሌት የሚፈራረቁ ጄቶች፣ አየር ላይ ነዳጅ የሚሞሉ አውሮፕላኖች፣ ወዳጅን ከጠላት የሚለይ በራሪ ራዳር፣ የወደቀ አብራሪ የሚያወጣ ቡድን ያስፈልጋሉ። አንዱ ሲሳሳት ሰው ያልቃል። ኤፕሪል 14 ቀን 1994፣ የበረራ እገዳ በነበረበት ሰሜን ኢራቅ ላይ፣ ሁለት የአሜሪካ ኤፍ-15 ጄቶች የራሳቸውን ሁለት ብላክ ሆክ ሄሊኮፕተሮች የኢራቅ መስለዋቸው መትተው ጣሉ፤ 26 ሰዎች ሞቱ።

ይህ ሁሉ ተደርጎም እገዳው ታንክና መድፍ አያቆምም። በቦስኒያ ኔቶ ከ1993 ጀምሮ ሰማዩን ይጠብቅ ነበር። በጁላይ 1995 ስሬብሬኒካ ውስጥ ከ8,000 በላይ ወንዶችና ታዳጊዎች ሲረሸኑ ገዳዮቹ አውሮፕላን አላስፈለጋቸውም። ስለዚህ ሰማዩን የዘጋው ኃይል ወዲያው «ታንኩንም ምታ» ይባላል። ሊቢያ ላይ ገና በመጀመሪያው ቀን የፈረንሳይ ጄቶች ቤንጋዚ አጠገብ የነበሩ የጦር ተሽከርካሪዎችን መቱ።

«ቦምቡ ዒላማውን አይስትም» ለሚሉ፦ ኦገስት 8 ቀን 2011 ማጀር በተባለች የሊቢያ መንደር መጀመሪያ ቤቶች በኔቶ አውሮፕላኖች ተመቱ፤ ቀጥሎ ፍርስራሽ ሊቆፍሩ የተሰበሰቡት ሰዎች። የተመድ መርማሪዎች 34 ሲቪሎች መሞታቸውን መዝግበዋል።

«ተመድ ፈቅዷል፤ ስለዚህ ሁሉም ሕጋዊ ነው» የሚሉም አሉ። ሊቢያ ላይ እገዳውን የጣለው የጸጥታው ምክር ቤት ውሳኔ ቁጥር 1973 በ10 ድጋፍና በ5 ድምፀ ተአቅቦ ጸድቋል። የፈቀደው ሲቪሎችን ለመጠበቅ አስፈላጊውን እርምጃ መውሰድ ነው፤ መንግሥት መገልበጥ የሚል ቃል የለበትም። ሩሲያ በዚያው ዓመት ኦክቶበር ስለ ሶርያ የቀረበውን ረቂቅ ውሳኔ ውድቅ ስታደርግ ምክንያቷ ላይ ሊቢያን ጠቀሰች። ዕዳውን የከፈለው የሶርያ ሕዝብ ነው።

«አፍሪካ በአንድ ድምፅ ተቃውማለች» የሚባለውም ልክ አይደለም፤ በምክር ቤቱ ደቡብ አፍሪካ፣ ናይጄሪያና ጋቦን ውሳኔ 1973ን ደግፈዋል።

«እግረኛ ጦር ስላልገባ ኃላፊነት የለበትም» የሚለው ግን ከሁሉ ይከፋል። መንግሥት ሲፈርስ ቀድሞ የሚዘረፈው የመሣሪያ መጋዘን ነው። የጋዳፊ መንግሥት ሲወድቅም ጠባቂ አልነበረም። መሣሪያው ከታጣቂዎች ጋር በረሃውን ተሻግሮ በጃንዋሪ 2012 የማሊን ሰሜን ለኮሰ። አገሪቱ ለሰው አዘዋዋሪዎችና ለታጣቂዎች ተከፈተች፤ በኤፕሪል 2015 አይሲስ ኢትዮጵያውያን ወንድሞቻችንን ሲገድል ቪዲዮ ያሰራጨው ከዚያው ከሊቢያ ነው።

ጣልቃ ገብነት የሚጠይቅ ሰው አስቀድሞ እነዚህን በጽሑፍ መልስ ያግኝባቸው፦ የትኛው ዒላማ ይመታል? የሞተውን ሲቪል ማን ይቆጥራል? ዘመቻው የሚያበቃው በምን ምልክት ነው? በማግስቱ ጠዋት መጋዘኑ በር ላይ የሚቆመው የማን ወታደር ነው?