«መልህቁ ከባድ ነው፣ አታስብ!»

ጎርጎራ ወርዶ ጀልባ ያየ የጎንደር ሰው ስለ መልህቅ አስተያየት አያጣም። አንዳንዱ አስተያየት ግን ጀልባ ያስወስዳል። በሸራ ጀልባ ባሕር የሚያቋርጡትም ቢሆኑ ይሳሳቱበታል።

«ዋናው ክብደቱ ነው»

ክብደት ይረዳል። ጀልባውን በዋናነት የሚይዘው ግን መልህቁ መሬት ውስጥ መቀበሩ ነው። እንደ ማረሻ አስቡት፤ አግድም ሲሳብ ይሰምጣል፣ ወደ ላይ ሲሳብ ይነቀላል። ስለዚህ ገመዱ ረዘም ማለት አለበት። ውኃው 4 ሜትር ጥልቅ ቢሆንና የጀልባው አፍንጫ ከውኃው 1 ሜትር ከፍ ቢል፣ ድምሩ 5 ነው። በጸጥታ ቀን የዚህን 5 እጥፍ፣ 25 ሜትር ልቀቁ። ነፋስ ከበረታ 7 እጥፍ፣ 35 ሜትር። ያቺን 1 ሜትር ብዙ ሰው ይረሳታል። «ጣና ጥልቅ አይደለም፣ አጭር ገመድ ይበቃል» የሚልም አይጠፋም። እሺ፣ ጥልቀቱ ቢበዛ 14 ሜትር ገደማ ነው። እዚያ ላይ ለመቆም ግን በ5 እጥፍ ሲሰላ 75 ሜትር ያስፈልጋል።

ድንጋይስ? ጎንደር ድንጋይ አይቸግራትም። ግን ጥቁር ድንጋይ ውኃ ውስጥ ሲገባ የክብደቱን ሲሶ ያህል ያጣል። 30 ኪሎ ብላችሁ የጣላችሁት ታች 20 ሆኖ ይቀመጣል፤ ጭቃ ላይም ይንሸራተታል። ጸጥ ባለ ጠዋት ለታንኳ ይሁን። ሰው ለሚያድርበት ጀልባ ግን አይሆንም።

«ታች ከደረሰ ይዟል»

መሞከር አለበት። ገመዱን ከለቀቃችሁ በኋላ ሞተሩን ቀስ አድርጋችሁ ወደ ኋላ ንዱ። ከዚያ ገመዱን በእጅ ዳበስ አድርጉት። ነዘር ነዘር ካደረገ መልህቁ እየተጎተተ ነው። ተወጥሮ ዝም ካለ ይዟል። በጎን በኩል ዳር ላይ ሁለት ነገር በአንድ መስመር ምረጡ፤ ዛፍና ከኋላው ያለ ጣሪያ ይበቃል። ሞተሩ እየሳበ ሁለቱ መለያየት ከቀጠሉ ጀልባው እየሄደ ነው። አውጥቶ እንደገና መጣል ነው እንግዲህ።

«ገመድ ያው ገመድ ነው»

ለመልህቅ ናይሎን ይመረጣል፤ ስለሚለጠጥ የማዕበሉን ንጥቂያ ያበርዳል። ዕቃ ማሰሪያው የፖሊፕሮፒሊን ገመድ ርካሽ ነው፣ ግን ውኃ ላይ ይንሳፈፋል፣ የሞተር መዘውር ላይም ይጠመጠማል። ፀሐይም ቶሎ ትበላዋለች፤ የጣና ፀሐይ ደግሞ የ1,800 ሜትር ከፍታ ፀሐይ ናት። ሲታሽ እንደ ዱቄት የሚረግፍ ገመድ አብቅቶለታል። አዲሱም ቢሆን ቋጠሮ ሲኖርበት የጥንካሬውን ግማሽ ያህል ሊያጣ ይችላል።

«የማይዝግ ብረት አይበላሽም»

ይህ የባሕር ሰዎች ጣጣ ነው። የሸራውን ምሰሶ ወጥሮ የሚይዘው ሽቦ ከውጭ እያብረቀረቀ፣ ጫፉ ላይ ማያያዣው ውስጥ ጨው ገብቶ ሊበላው ይችላል። ጨርቅ ይዛችሁ ሽቦውን ከላይ እስከ ታች አብሱት። ጨርቁ ከተያዘ አንድ ክር ተበጥሷል፤ ያ ሽቦ ይቀየራል። በባዶ እጅ ግን አትሞክሩት፣ ይቆርጣል።

«በደንብ ጠብቋል፣ አይፈታም»

መልህቁን ገመዱ ጫፍ ላይ ካለው ሰንሰለት ጋር የሚያያይዘው ሻክል፣ ማለትም የብረት ማያያዣ፣ ብሎን አለው። ቀን ከሌት ሲወዛወዝ ብሎኑ ይላላል። በቀጭን ሽቦ እሰሩት።